በኪሎ ልትሸጥ የነበረችው ፊያት

ቁራሌው መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረገ፣ በሯን አንኳኳ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ የበቀለውን ሣር ገለጥ አድርጎ አየና «በኪሎ 30 ብር» አለ። እናቴ በረንዳው ላይ ስንዴ ትለቅም ነበር። «ስንት ኪሎ ትወጣለች?» ስትለው «ወንበርና መስታወቱ ተነሥቶ ስምንት መቶ ብትሞላ ነው፣ እማማ» አላት። 24 ሺህ ብር መሆኑ ነው። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ከሁሉም በላይ ቦታው ይለቀቅልኛል» አለችኝ።

እኔም ልሸጥለት ነበር። ሰውየው ሚዛንና ጋሪ ይዞ ቅዳሜ ሊመለስ ቀጠሮ ይዞ ሄደ። በመካከሉ እናቴ የማርያምን ማኅበር ታወጣ ስለ ነበር ቤታችን እንግዳ መጣ። ከእንግዶቹ አንዱ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ከጣሊያኖች ጋር ጋራዥ የሠራ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። ጠላውን እንደ ያዘ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲመለስ ጠላው አልተነካም። «ይህችን ነው በኪሎ የምትሸጣት? ልጄ፣ አባትህ እዚያ ሆኖ ይሰማሃል» አለኝ። ይህ የሆነው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2015 መኪናዋ በ245 ሺህ ብር ተሸጠች። በመካከል ባሉት ዘጠኝ ወራት ያጠፋሁትንና ያወቅሁትን የምጽፈው፣ እንዲህ ያለች መኪና በግቢያችሁ ጥግ ቆማባችሁ ምን እንደምታደርጓት ለጨነቃችሁ ነው።

አባቴ «ዳማ» ይላት ነበር፤ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ስለ ነበር። ለእኛ ለልጆቹ ግን ዶሮ የምታቅፍባት ቆርቆሮ ነበረች። ሽማግሌው ኮፋኖዋን አስከፍቶ፣ አቧራውን በመዳፉ ጠርጎ የነገረኝ ሌላ ነው። ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ሞዴሉ በፈረንጆች 1967 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ የታየ ሲሆን፣ የእኛዋ ከፊት አራት መብራት ያላት የሁለተኛው ዙር ሥሪት ናት፤ 1608 ሲሲ፣ 110 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ማርሽ፣ ሁለት ዌበር ካርቡሬተር (ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ)፣ በአራቱም እግር የዲስክ ፍሬን። ሞተሩን የነደፈው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ይህን ስሰማ ኋላ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችውን ዶሮ አየኋትና አፈርኩ።

አባቴ መኪናዋን የገዛት በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ጣሊያናዊ ነው። የቆመችው በ1984 ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ ሞተሯ ሳያጓራ፣ ሳይጨስ ዝም አለ። ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች የሚያዞረው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ተበጥሶ ኖሯል። የጭነት መኪና ጎትቶ ደብረ ማርቆስ አደረሳት። ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ክዳን፣ መከፈት አለበት ሲባል አባቴ «ከመኸር በኋላ» አለ። ከዚያ ወዲህ 30 መኸር ገባ።

ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት አንድ ትእዛዝ ሰጠኝ፤ ካተረፈኝ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። «ባትሪ አምጥተህ ላስነሣት እንዳትል። ገፍተህም እንዳትሞክር።» ቺንጋው ተበጥሶ ሞተሩ ከዞረ ፒስቶኑ የተከፈተውን ቫልቭ ሊመታው ይችላል፤ ያልተጣመመውንም ያጣምማል። ቺንጋው ደህና ቢሆን እንኳ ለብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ደርቆ፣ ምናልባትም ዝጎ ስለሚቆይ በችኮላ ሲዞር ይፋቃል። ስለዚህ ካንዴላዎቹን ፈታን፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፈሰስን፣ መልሰን ዘጋን፤ በዚያው ተውናት። «አስነሥታችሁ ብታሳዩን ዋጋ ትጨምራለች» ያሉኝ ጓደኞች ብዙ ነበሩ። የኋላ ኋላ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ «ሞተሩን አዙራችሁታል?» ብሎ ነው። «አላዞርንም» ስለው ፊቱ ፈታ ሲል አይቻለሁ።

ይህን ያህል የታዘዝኩ ሰው በሌላው በኩል ራሴን በራሴ አሞኘሁ። ግራ የፊት ፓራፋንጎዋ፣ ጎማውን የሚሸፍነው ላሜራ፣ ከመብራቱ በላይ እጅ በሚያስገባ ቀዳዳ ዝጎ ነበር። «እንዲህ ሆና ማን ያያታል?» ብዬ ባቲላሜራ ጠራሁ። ሰውየው ቀዳዳውን በቁራጭ ላሜራ ሸፈነ፣ በላዩ ስቱኮ የሚባለውን መሙያ ደለደለ፣ አሸተ፣ ቀይ ቀለም ነፋው። 9 ሺህ ብር ከፈልኩ። ቀለሙ ደግሞ የዳማ ሳይሆን የቲማቲም ቀይ ሆነ። ያን ጊዜ አምሮብኝ ነበር፤ እናቴ ብቻ «አንድ ጎኗን ለሠርግ አንድ ጎኗን ለለቅሶ አደረግሃት» አለችኝ።

አሮጌ መኪና ገዝቶ የሚያድስ ሰው ዝገት አያስደነግጠውም። የሚያስደነግጠው ያላየው ዝገት ነው። አንድ ቦታ ስቱኮ ካገኘ ሌላውንም ሁሉ ይጠራጠራል። ከዚያ በኋላ መጥረጊያ ብቻ ይዤ ገባሁ። የባሕር ዛፉን ቅጠል፣ የአይጡን ጎጆ፣ የዶሮውን ኩስ ጠረግሁ፤ ውኃ አላስነካኋትም። የተሰበረውንም፣ የወለቀውንም፣ ምን እንደ ሆነ ያልገባኝንም ብሎን በአንድ ማዳበሪያ ሰበሰብኩ። ለእናንተ ቆሻሻ የሚመስል የፕላስቲክ ቁራጭ ለሚያድሳት ሰው የትም ገበያ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ከመኪናዋ ይልቅ አደከመኝ። ሊብሬው በአባቴ ስም ነው፤ አባቴ በ2009 ዐርፏል። እናቴና አራት ልጆች ወራሽ መሆናችንን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ማውጣት ነበረብን። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉት እህትና ወንድሜ ውክልና ላኩ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ስሄድ የመኪናዋ ፋይል የለም ተባለ። «የለም» የሚለውን ቃል በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ሰማሁ። ያወጣን አባቴ ደረሰኝ የማይጥል ሰው መሆኑ ነው። የ1967ቱ የሽያጭ ውል፣ እስከ 1984 ድረስ የከፈለው የየዓመቱ ደረሰኝ በቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ሊብሬው ደግሞ ከዳዊቱ መካከል ተገኘ። እነዚያን ይዤ ስቀርብ ፋይሉም ተገኘ። እንዴት እንደ ተገኘ አልጠየቅሁም።

ሊብሬ በእጃችሁ ካለ ገዢ ከመፈለጋችሁ በፊት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አመሳክሩ። የእኛ ሻንሲ ቁጥር ኮፋኖው ሥር በዝገትና በዘይት ተሸፍኖ ነበር። በጨርቅና በላምባ፣ ከዚያም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሁለት ቀን አሸሁት። በመፍጫ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት። የተፋቀ ቁጥር የተቀየረ ቁጥር ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ማንንም ብታስረዱ አይሰማችሁም።

ወረቀቱ ንጹሕ መሆኑ ሲሰማ መጀመሪያ የመጣው ሰው መኪናዋን ሊገዛ አልነበረም። ጥሩ ኮት የለበሰ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር። «መኪናዋን እዚሁ ተዉአት፤ ሊብሬውንና ታርጋውን ብቻ 150 ሺህ» አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ካስወደደ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ንጹሕ ሰነድ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጀለ። ብሩም ይገኛል፣ ዳማም ግቢ ትቀራለች! አጎቴ ሰውየው እስኪወጣ ጠብቆ «በዚያ ታርጋ ነገ ሰው ቢገጩ ፖሊስ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? የሞተ ወንድሜን ስም ነው የሚገዙህ» አለኝ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለተኛው ላይ 170 ሺህ ደርሶ ነበር። አላነሣሁትም።

የጎደሉትን ዕቃዎች የሰበሰብኩበት ወር ከሁሉ የወደድኩት ጊዜ ነው። ቆማ የኖረች መኪና እንደ ታረደ በሬ ናት፤ ጎረቤት ሁሉ ቅርጫ ገብቷል። የውስጥ መስታወቷ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወረድ ብሎ ካለ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ተሰቅሎ ተገኘ። «በዚህ መስታወት የግማሽ ማርቆስ ሰው ማጅራቱን አይቷል» አለኝ፤ አዲስ መስታወት በ700 ብር ገዝቼለት ተለዋወጥን። ሰዓቷ አጎቴ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበረች፤ እንደማትሠራ እያወቀ ሠላሳ ዓመት አስቀምጧታል። ሲሰጠኝ ግን በነጠላ ጠቅልሎ ነው።

የከበደኝ ካርቡሬተሩ ነው። ከሁለቱ አንዱ የለም። እናቴ «አባትህ በሕይወት ሳለ አንድ ሰው አጽድቼ ልመልስ ብሎ ወስዶታል» አለች። ማን? «ከደምበጫ የመጣ ሰው።» ደምበጫ ሄጄ ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር ዋልኩ። አራተኛው ጋራዥ ውስጥ፣ የደረሰኝ ጥራዝ ነፋስ እንዳይገልጠው ተጭኖ ተቀምጧል! ባለቤቱ የወሰደው ሰው ልጅ ነው፤ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ እኔ ዐይኔን ስተክልበት ግን ዋጋ እንዳለው ገባው። 4 ሺህ ብር ጠራ፣ በ2 ሺህ ተስማማን። የገዛ ዕቃዬን መልሼ ስገዛ ቢያመኝም በኋላ ሒሳቡን ስሠራ አልቆጨኝም፤ ዌበሮቹ ጥንድ መሆናቸው ብቻውን ከዚያ አሥር እጥፍ አምጥቷል።

ገዢው የተገኘው በሶማሌ ተራ በኩል ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ የድሮ ፊያት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎችን ጠይቆ «እንዲህ ያለ ነገር የሚወድ አለ» ተባለ፤ እኔ ፎቶ ላክሁ። 64 ፎቶ። ከእነዚህ ውስጥ አምራ የምትታይባቸው ስድስት አይሞሉም። የቀሩት ከበሮቹ በታች ያለው የተበላ ላሜራ፣ የወለሉ ቀዳዳ፣ የፊት መስታወቱ ግርጌ፣ የጎማ ቤቶቹ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ናቸው። ከየቀዳዳው አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ አነሣሁ፤ መጠኑ እንዳያከራክር። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አታንሡ፤ ዝገቱን ጥላው ይውጠዋል፤ ደመናማ ጠዋት ይሻላል። ከሥር ለማንሣት በክሪክ ከፍ አድርጋችሁ ስትገቡ ደግሞ ክሪኩን አትመኑ፣ ድንጋይም አትመኑ፤ ወፍራም ግንድ በሁለት በኩል ደግፉ። የሾፌሩ ወለል ላይ አባቴ ራሱ የመታትን የጣውላ ቁራጭም አንሥቼ ላክሁ። ያቺን ልደብቅ ፈልጌ ነበር።

ሰውየው መሐንዲስ ነው፤ ከዚህ በፊት ሁለት ፊያት አድሷል። በጥቅምት መጨረሻ፣ መንገዱ ከክረምቱ ጭቃ ከተጠራረገ በኋላ መጣ። ከሆቴሉ ተነሥቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግቢያችን ነበር። እናቴ ቁርስ ብትለው «እማማ፣ መጀመሪያ ልይ» ብሎ ሰሌን አስነጠፈና ከሥሯ ገባ። የያዘው የእጅ ባትሪ፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ ማስታወሻ ደብተርና በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት ብቻ ነው። ከበሩ በታች ያለውን ላሜራ በመፍቻው ገፋ ሲያደርገው መፍቻው እስከ እጄታው ሰመጠ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። እሱ «ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ» ብሎ ጻፈና ቀጠለ። በጣውላዋ ሳቀ፤ «ይህን ማን ሠራው? በደንብ ተቀርጿል» አለ። የአባቴ እጅ እንደ ሆነ ስነግረው መሳቁን አቆመ።

ከዚያ ግራ ፓራፋንጎው ጋ ደረሰ። ማግኔቷን አስጠጋ፤ ወደቀች። ከፍ አደረገ፤ ወደቀች። «እዚህ ምን ደብቃችኋል?» ሁሉንም ነገርኩት፣ ያልታደሰችበትን ፎቶም ከስልኬ አሳየሁት። ሰማኝ፤ ግን ተመልሶ ቀደም ሲል የጨረሳቸውን ሦስት ቦታዎች እንደ ገና በማግኔት ፈተሸ። ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ቆየ።

ዋጋውን አጎቴ ያዘው። እኔ 350 ሺህ ጠርቻለሁ፤ ሰውየው 200 ሺህ አለ። የእኔ ስሌት የወንድሜ ሰዎች በአዲስ አበባ ደህና ሞዴል ስንት እንደሚያወጣ በነገሩኝ ላይ የቆመ ነበር። የእሱ ስሌት ከዚያ ላይ የላሜራውን ሥራ፣ የሞተሩን፣ የወንበሩን፣ የሁለት ዓመት ትዕግሥቱን ቀንሶ የቀረው ነው። ደብተሩን ገልጦ አንድ በአንድ አነበበልን፤ ላሜራው ብቻ ከጠየቅሁት ግማሽ ይበላል። ትክክሉ የእሱ ነበር። እናንተም ዋጋ ስታወጡ ከዚያ በኩል ጀምሩ፤ የቁራሌው ሒሳብ ወለሉ ነው፣ ጣሪያውን የሚወስነው የሚያድሳት ሰው ወጪ ነው። በ260 ሺህ ተስማምተን ልንጨባበጥ ስንል ወደ ፓራፋንጎው አየት አድርጎ «ያንን ስቱኮ አራግፌ፣ ከሥሩ ያለውን አውጥቼ እንደ ገና ነው የምሠራው» አለ። 245 ሆነ። 9 ሺህ ከፍዬ 15 ሺህ ያጣሁባት ቲማቲም!

ውሉ ላይ «አሁን ባለችበት ሁኔታ» የሚለውን ቃል አስገባን፤ የጎደለውንም ያለውንም ዕቃ በዝርዝር ጻፍን። በውክልና ብቻ ይዟት ሊሄድ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም አንሰጥም ነበር። ስም ሳይዞር በውክልና የሄደች መኪና በሕግ ዐይን የእናንተው ናት። የቆየውን ዓመታዊ ውዝፍ እኛ፣ የስም ማዞሪያውን እሱ ሊከፍል ተስማማን፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ገንዘቡ እናቴ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ባንክ ሄደን ካረጋገጥን በኋላ ነው የግቢውን በር የከፈትነው።

መጫኑ ቀኑን ሙሉ ወሰደ። አራቱም ፍሬኖች ዲስኩን ነክሰው ዝገዋል። ጎማዎቹን ፈተን፣ ዘይት አጠጥተን፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልን ሦስቱን አላቀቅን፤ ቀኝ የኋላዋ እምቢ አለች። ያቺን ሳሙና የተቀባ ጣውላ ላይ አስቀመጥናት። አይሱዙውን ከግቢው ጀርባ ካለው የአፈር ካብ ጋር አስጠግተን ወለሉን ከመሬቱ እኩል አደረግነው፤ አሥራ ሁለት ጎረቤት «ሆ» ብሎ ገፋት። ሾፌሩ ገመዱን በበሮቹ ሥር ሊያስር ሲል ገዢው ከለከለው፤ የተበላው ላሜራ ዓባይ በረሃ ሳይደርስ ይቀደዳል። በጎማዎቹ አሰሯት። እናቴ ቆማ አየች፣ አላለቀሰችም፤ የቆመችበትን ቦታ ወዲያው መጥረግ ጀመረች።

ከሁለት ወር በኋላ ገዢው ደወለ። ቴስታታውን ከፍቶታል፤ ከስምንቱ ቫልቮች አምስቱ ተጣመዋል፤ ሲሊንደሮቹ ግን ደህና ናቸው። ከዚያ ውሉን ሲያነብ ግራ የገባውን ነገር ጠየቀኝ፤ «የቸርኬ ክዳን» ከሚለው ፊት ለምን «3» እንደ ተጻፈ። አራተኛዋ እንዳለች ነገርኩት። እናቴ ዶሮዎቿ ውኃ የሚጠጡባት ናት፤ ያን ቀን ብጠይቃት «እሷንስ አልሰጥም» ብላኛለች። አዲስ የዶሮ ውኃ ማጠጫ ከአዲስ አበባ ገዝቶ እንደሚልክላት ነግሮኛል። ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እያሰበችበት ነው።